ከፓምፑ በፊት አገዳው

(የመለያ ሙዚቃ ለጥቂት ጊዜ ይሰማና ዝቅ ይላል)

በሾኔና በዙሪያዋ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ባደዋቾ፣ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ እንዲሁም ከብላቴ ወዲህና ወዲያ ሆናችሁ ለምታዳምጡን ሁሉ፣ የዛሬው የግብርና ዝግጅታችን ስለ አፈርና ስለ መሣሪያ ነው። ሁለት ጥማድ መሬት ያለው ቤተሰብ የደከመ ማሳው እንዲያገግምለት ሲነሣ፣ በራሱ የሚሠራ፣ በራሱ የሚለካና በራሱ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ የትኛው ይጠቅመዋል? የትኛውስ ገንዘቡን በልቶ ይቀራል?

ኦቶማቲክ መሣሪያ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። እውነትም በፈረንሳይ፣ በቱሉዝ ከተማ አቅራቢያ፣ ናዮ የሚባል ኩባንያ ያለ ሰው በአትክልት መደብ መካከል እየሄደች አረም የምታርም ትንሽ ሮቦት ሠርቶ ሲሸጥ ቆይቷል። የእኛ ገበሬ ግን ከዚያ በፊት የሚያውቀው ኦቶማቲክ አለ። ሮቶ ያለው ቤት ሄዳችሁ ክዳኑን ብትከፍቱ፣ ውኃው ሲሞላ አብሮ ወደ ላይ እየተነሣ ቧንቧውን ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ታያላችሁ። ኤሌክትሪክ የለው፣ ኮምፒዩተር የለው፤ ቤቱ ሰው ኖረም አልኖረም ሥራውን ይሠራል። እኔ ዛሬ የማወራው ከሮቦቱ ይልቅ ለዚህ ኳስ ስለሚቀርቡት መሣሪያዎች ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ለትንሽ ማሳ ቀድሞ መምጣት ያለበት መሣሪያ የሚለካው ነው፤ የሚያርሰውና የሚስበው ከዚያ በኋላ ይምጣ። የሚለካውም ቢሆን አፈሩ እርቃኑን ባለበት ማሳ ላይ ብዙ አይፈይድም። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ እንየው።

(አጭር ሙዚቃ)

በሀዲያ ወይም በከምባታ አንድ ግቢ ገብተን ከቤቱ ጓሮ ወደ ውጭ እንራመድ። ጓሮው እንሰት ነው። የበረቱ ፍግ፣ የምድጃው አመድ፣ የጓዳው ጥራጊ እዚያ ይደፋል። የእንሰቱ ቅጠል ያጠላዋል፣ የደረቀውም እዚያው ወድቆ ይበሰብሳል። አፈሩን በእጃችሁ ብትዘግኑት ጥቁር ነው፤ ይፈረፈራል፤ የምድር ትል አይጠፋውም። ጥቂት ወጣ ብለን የበቆሎው ማሳ ስንደርስ ሌላ አገር የገባን ይመስላል። ፍጉ እዚህ አይደርስም። አገዳው ከፊሉ ለከብት፣ ከፊሉ ለማገዶ፣ ከፊሉ ለአጥር ሄዷል፤ የተረፈውን የተለቀቀ ከብት ለቅሞታል። የካቲት ሲገባ መሬቱ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። ያን ጊዜ የበልግ ዝናብ ይመጣል፤ ባዶውን አፈር ይመታዋል፣ ላዩን ይደፍነዋል፣ ከዚያም ይዞት ይሄዳል። ከማሳው ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ብላቴ፣ ከብላቴ ወደ አባያ። የአባያ ሐይቅ ያንን የደፈረሰ ቀይ መልክ ያገኘው ወንዞች ተሸክመው ከሚያመጡለት ደለል ነው፤ ከባደዋቾ ማሳ የሚታጠበውም ድርሻ አለው።

ልብ በሉ፤ ባለቤቱ አንድ ነው፣ ዝናቡም አንድ ነው፤ አፈሩ ግን ሁለት ዓይነት ሆኗል። ስለዚህ የደከመ አፈር እንደሚያገግም ለሀዲያና ለከምባታ ገበሬ ከውጭ መጥቶ ማስረዳት አያስፈልግም። አያቶቹ ጓሮው ውስጥ ሠርተው አሳይተውታል። ከጎረቤት ወላይታም ምስክር አለ፤ በሁምቦ ወረዳ ተራቁቶ የነበረ 2,728 ሄክታር ተራራ፣ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ከከብትና ከመጥረቢያ ሲጠብቁት፣ ከመሬት በታች ሕያው ሆኖ የቆየው ጉቶ አቆጥቁጦ ደን ሆኗል። በ2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻም በዓለም አቀፉ የካርበን ንግድ ሥርዓት ተመዝግቧል።

ታዲያ ጓሮው ላይ የሆነው ለምን እስከ ዳር ማሳው አልደረሰም? ጉልበት ነዋ! ፍግ ተሸክሞ ሩቅ ማድረስ ጉልበት ነው። ውኃ መቅዳት ጉልበት ነው። በቆሎውን በየሁለት ቀኑ እየዞሩ ማየት ጉልበት ነው። አብዛኛው ደግሞ የእናቶችና የልጆች ጉልበት ነው። መሣሪያ መግባት ያለበት እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

መሬት እንዲያገግም የሚያደርገው አሠራር ራሱ ረቂቅ አይደለም። አፈሩን ሳያስፈልግ አለመገለባበጥ፣ ዓመቱን ሙሉ በአገዳ ወይም በሚያድግ ተክል ሸፍኖ ማቆየት፣ ሰብል ማቀያየርና ማሰባጠር፣ የከብቱን ፍግ ወደ መሬት መመለስ። በቆሎ መካከል ቦሎቄ የሚዘራ የባደዋቾ ገበሬ ግማሹን ከድሮም ያውቀዋል። ችግሩ ያለው ሌላው ግማሽ ላይ ነው። አንድ ጭውውት እናሰማችሁ።

(የዶሮ ጩኸትና የግቢ ድምፅ)

ልጅ፦ አባዬ፣ ዘንድሮ በሬ መጥመዱን እንተወውና ትራክተር እንከራይ። እነዚያ ማዶ ያሉት በአንድ ቀን ጨረሱ እኮ።

አባት፦ ጨረሱ። ዝናቡም መጥቶ አፈሩን በአንድ ቀን ጨረሰላቸው። ቦዩን አላየህም?

ልጅ፦ እሱማ የእኛም ተሸርሽሯል። እኛ መቼ በትራክተር አረስን?

አባት፦ አሁን እውነት ተናገርክ። በበሬም ቢሆን አራቴ አምስቴ እያረስኩ ነው እዚህ ያደረስኩት።

ልጅ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

አባት፦ የልማት ሠራተኛዋ፣ «አገዳውን መሬት ላይ ተዉት፤ የሚዘራበትን መስመር ብቻ ቅደዱ» ብላ ነበር። እናትህ አልቀበል አለች እንጂ።

እናት፦ (ከጓዳ) አልቀበልም! አገዳውን ማሳ ላይ ትታችሁ እኔን ለማገዶ የት ልትሰዱኝ ነው? ላሟስ ምን ትብላ?

(ሙዚቃ)

በዚህ ቤት ውስጥ ከሁሉም የላቀ ጥያቄ የጠየቁት እናት ናቸው። «አገዳውን ሸፍኑበት» የሚል ምክር ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ለማገዶውና ለመኖው መልስ ካልያዘ ምክሩ ከደጅ አያልፍም። መልሱ ደግሞ አለ። የማሳው ዳርና እርከኑ ላይ ደሾ ሣርና የዝሆን ሣር ቢተከል፣ ከብቱም ታስሮ እየታጨደለት ቢበላ፣ አገዳው ቢያንስ በከፊል ነፃ ይወጣል። ዳር ላይ የሚተከል ግራቪሊያና ሰስባኒያም ቅርንጫፉ ለምድጃ ይሆናል። ይህ ሥራ አንድ ክረምት ይቀድማል እንጂ በአንድ ቀን አይመጣም። በዚህ ላይ ደግሞ ልቅ ግጦሽ ካልቆመ፣ አንድ ገበሬ ብቻውን አገዳ ቢተው ለጎረቤቱ ከብት ድግስ ደገሰ ማለት ነው። ይህ በቀበሌ ደረጃ በስምምነት የሚወሰን ነገር ነው፤ ምንም መሣሪያ አይተካውም።

ልጁ ላነሣው የትራክተር ጥያቄም መልስ አለ። ሁሉም ትራክተር አፈር አይገለብጥም። በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሚት በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት የአፍሪካ አገሮች ባለ ሁለት ጎማ ትራክተርን ለአነስተኛ ገበሬ ማስተዋወቅ ጀምሮ ነበር። ሰው ከኋላ ሆኖ የሚነዳት ይህች ትራክተር መዝሪያ ሲቀጠልባት፣ ያልታረሰ መሬት ላይ አገዳውን አልፋ ጠባብ መስመር ትቀድና ዘሩንና ማዳበሪያውን ባንድ ላይ ትጥላለች። መዝራት በማይኖርበት ጊዜም ሞተሯ ውኃ ይስባል፣ በቆሎ ይፈለፍላል፣ ጋሪ ይጎትታል። እንዲህ ያለውን እያንዳንዱ ገበሬ መግዛት የለበትም። ጥቂት ወጣቶች ገዝተው በኪራይ ቢያዞሩት ለእነሱም እንጀራ ነው። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻና የመስኖ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱም ለእንዲህ ያለው ማኅበር ቀላል ነገር አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ውኃ እንምጣ። እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ፤ ብር የሚባክነውም የሚተርፈውም እዚህ ነውና።

አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ ልክ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። በበጋ ፀሐይ ጎመን ወይም ቲማቲም በቀን አምስት ሚሊሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋል እንበል። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነች የጓሮ መደብ መቶ ካሬ ሜትር ናት። አምስት ጊዜ መቶ፣ 500 ሊትር። በባለ 20 ሊትር ጄሪካን 25 ጄሪካን። ይህ ለአንድ ቀን፣ ለአንዲት መደብ ነው። መሬቱ አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ቢሆን ደግሞ 625 ጄሪካን ይሆናል። በጀርባ የሚቻል አይደለም። ለዚህ ነው የፀሐይ ፓምፕ ወሬ ሲሰማ ሁሉም ጆሮውን የሚያቆመው።

የፀሐይ ፓምፕ ደግ ነገር ነው። ነዳጅ አይጠይቅም፣ ፀሐይ ስትወጣ ይነሣል፣ ስትጠልቅ ይተኛል። ውድ ባትሪ መግዛትም ግድ አይደለም፤ ቀን ቀን ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ከሞላ፣ ማታ ውኃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሮቶው ሲሞላ ኳሱ ይዘጋል። ከሮቶው በታች በየተክሉ ሥር የሚያንጠባጥብ ቀጭን ጎማ ከተዘረጋ፣ እናትየው ማለዳ አንድ ቧንቧ ከፍታ ወደ ሌላ ሥራዋ ትሄዳለች። በሰዓቱ የሚከፍትና የሚዘጋ፣ በትንንሽ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መቆጣጠሪያም አለ፤ ቤት ውስጥ ሰው በማይውልበት ቀን ይጠቅማል።

አደጋው ያለው ግን እዚሁ ደግነቱ ላይ ነው። የናፍጣ ፓምፕ ያለው ገበሬ በየሊትሩ ስለሚከፍል ሲበቃው ያጠፋል። ፀሐይ አትቆጥርም። ስለዚህ ፓምፑ ከተከፈተ ይከፈት ይባላል፤ ጉድጓዱ በበጋ መጨረሻ ይደርቃል፤ የጎረቤት ጉድጓድም አብሮ ይወርዳል። ትርፉ ውኃ ከሥሩ በታች ሲያልፍ በውድ የተገዛውን ማዳበሪያ አጥቦ ይዞት ይሄዳል። መለኪያ የሌለው ፓምፕ አፈር የሚያደክምበት መንገድ ይህ ነው።

ለዚህ የሚሆን ነገር ሩቅ አገር ሳንሄድ፣ እዚሁ ሀዲያ ውስጥ ተሞክሯል። በሆሳዕና ዙሪያ ባለችው ለሞ ወረዳ፣ በጃዌና በላይኛው ጋና ቀበሌዎች፣ ኢልሪ በሚባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም የተመራው አፍሪካ ራይዚንግ የተሰኘው የምርምር ፕሮጀክት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበሬዎች ጋር ሠርቷል። የፀሐይ ፓምፕ፣ በገመድ የሚሳብ የእጅ ፓምፕ፣ በመስኖ የሚለማ መኖ፣ አጃና ጓያ መሳይ የመኖ ጥራጥሬ ቀላቅሎ መዝራት እዚያ ታይቷል። ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ግን አንዲት ፕላስቲክ ናት።

አፏ ሰፊ፣ ታቿ ጠባብ፣ ነዳጅ መቅጃ ትመስላለች። አውስትራሊያዊው የአፈር ሳይንቲስት ሪቻርድ ስቲርዛከር የሠራት ናት። መሬት ውስጥ ትቀበራለች፤ ከእሷ የወጣ ቀጭን ቱቦ ብቻ ከአፈሩ በላይ ይታያል። መሬቱ ውኃ ሲጠጣ እርጥበቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሄዳል። ፕላስቲኳ ጋ ሲደርስ ወደ ጠባቡ ይሰበሰብና ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ያነሣዋል፤ ቀይ ምልክት ከቱቦው ጫፍ ብቅ ይላል። በተለምዶ ሁለት ይቀበራሉ፤ አንዷ ሥሩ በሚበዛበት ጥልቀት፣ ሁለተኛዋ ወደ ሥሩ ጫፍ ጠለቅ ብላ። የላይኛዋ ብቅ ስትል ውኃው ሥሩ ጋ ደርሷል። የታችኛዋም በየጊዜው ብቅ ካለች ውኃ በዝቷል፤ ማዳበሪያውንም ይዞ እየሄደ ነው ማለት ነው። የላይኛዋ ጭራሽ ካልተነሣች ተክሉ ተጠምቷል። አሁንም ባትሪ የለም፣ ማንበብና መጻፍም አይጠይቅም። የሮቶው ኳስ ከመሬት በታች የወረደ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

በአማራ ክልል በቆጋ መስኖ ልማት ላይም ይህች መሣሪያና የእርጥበቱን መጠን በቀለም የምታሳይ ሌላ መሣሪያ ከገበሬዎች ጋር ተሞክረዋል። በዚያች ሁለተኛዋ ሰማያዊ ሲበራ መሬቱ እርጥብ ነው፣ አረንጓዴ መካከለኛ፣ ቀይ ደረቅ። ገበሬዎቹ የሚያጠጡትን ውኃ ቀንሰው ምርታቸው አልቀነሰም። ይህ የሚያስገርመው ሰው ካለ፣ አብዛኞቻችን ዓይናችን ላዩን አፈር አይቶ እንደሚያጠጣ ያስታውስ። ላዩ ደርቆ ታቹ እርጥብ የሆነ መሬት ብዙ ነው።

እንግዲህ አገዳው ወደ ጨዋታው የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ፣ እንዲሁም ባሕር ዳር አጠገብ ባለችው ሮቢት፣ ተመራማሪዎች ከገበሬ ቤተሰቦች ጋር በጓሮ አትክልት ላይ ሁለት መደብ ጎን ለጎን አኑረው አነጻጽረዋል። ሁለቱም በሚያንጠባጥብ ጎማ ይጠጣሉ። አንዱ እንደ ልማዱ ታርሷል። ሁለተኛው ሳይታረስ በሣርና በገለባ ተሸፍኗል። የተሸፈነው መደብ በጎላ ሁኔታ ያነሰ ውኃ ጠጥቶ ያልተናነሰ፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ ምርት ሰጥቷል። ጎማው አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው አለማረሱና ሣሩ ነው። ሣር ደግሞ ከጎማ ይረክሳል። ገንዘብ ለመሣሪያ ከማውጣታችን በፊት ይህን በቅርብ የሚገኝ ነገር አለመጠቀም ሞኝነት ነው ባይ ነኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

ከውኃ ወደ ተባይ። በቆሎ ዘሪ ሁሉ የሚያውቀው መጤው የአሜሪካ ተምች ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ ነበር። በዚያው ዓመት አገሩን አዳረሰ። መለያው ጭንቅላቱ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ የሚመስል ነጭ መስመር፣ ከጅራቱ ቀደም ብሎም በካሬ ቅርጽ የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ናቸው። የበቆሎውን እምብርት ስትገልጡ የመጋዝ ብናኝ የሚመስል እዳሪ ካያችሁ ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ በራሱ የሚሠራው መሣሪያ ወጥመዱ ነው። ተምቹ አድጎ የሚሆነውን የእሳት እራት፣ የሴቷን ሽታ የሚመስል ነገር የያዘ ትንሽ ባልዲ ማሳው ዳር ይሰቀላል፤ ሌሊት ሌሊት ወንዶቹ እየተሳቡ ይገባሉ። ጠዋት መቁጠር ብቻ ነው። ቁጥሩ በድንገት ከጨመረ፣ እንቁላል ተጥሏል ወይም እየተጣለ ነው። ያኔ ማሳ ውስጥ ይገባል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለዚሁ ያዘጋጀው የስልክ መተግበሪያ አለ። በዜግዛግ እየሄዱ አምስት ቦታ ላይ ቆሞ በየቦታው አሥር አሥር ተክል ማየት፣ ከሃምሳው ስንቱ እንደተጎዳ መመዝገብ ነው ትምህርቱ። ስልክ የሌለው ሃምሳ ጠጠር ይዞ መግባት ይችላል፤ ሒሳቡ አይለወጥም።

ለምን ይህን ያህል እንለፋ፣ ዝም ብለን አንረጭም? ለዚህ ጥያቄ የኢትዮጵያ ማሳዎች ራሳቸው መልስ ሰጥተዋል። ተምቹ በገባበት ዓመት ሐዋሳንና ጅማን ጨምሮ ከተለያዩ ቦታዎች ትሎች ተለቅመው ሲታዩ፣ ኮቴሲያ አይሲፔ የተባለች አገር በቀል ትንሽ ተርብ በትሉ ሰውነት ውስጥ እንቁላሏን እየጣለች ስትገድለው ተገኝታለች። በአንዳንድ ቦታ ከተለቀሙት ትሎች ከ33 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት በእሷ የተጠቁ ነበሩ። ማንም አልከፈላት፣ ማንም አልላካት። በየሳምንቱ የምንረጨው መርዝ መጀመሪያ የሚጨርሰው እሷን ነው። ወጥመዱና ቆጠራው የሚጠቅሙት ከቶ እንዳንረጭ ሳይሆን፣ በማያስፈልግ ጊዜ እሷን እንዳንገድል ነው። ተምቹ ጥቂት ከሆነ እየለቀሙ መጨፍለቅ፣ እምብርቱ ውስጥም አመድ ወይም ደቃቅ አፈር መጨመር ብዙ ገበሬ የሚያደርገው ነው።

ደጋ ላይ ያላችሁ ስንዴ ዘሪዎች፣ እናንተን አልረሳንም። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ አገሪቱን ሲመታ ማስጠንቀቂያ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከሲሚት፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ የዋጉ ዘር በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ በኮምፒዩተር አስልቶ ለቀጣዮቹ ሰባት ቀናት ትንበያ የሚያወጣ ሥርዓት ዘርግቷል። በተመሳሳይ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር በነፃ ተደውሎ፣ ቁጥር እየተጫኑ የሰብል ምክር የሚደመጥበት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ደውሎበታል። ማውጫውን መከተል ለሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች፣ ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ በሀዲይኛም በከምባትኛም ይንገራቸው።

ስለ አፈር ምርመራም አንድ ቃል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የአገሪቱ የአፈር መረጃ ጥናት፣ ማሳዎቻችን ከለመድነው ዩሪያና ዳፕ ውጭ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክም እንደሚጎድላቸው አሳይቷል፤ ዳፕ በኤንፒኤስ የተተካው ከዚያ በኋላ ነው። ከሀገሪቱ የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነም ይነገራል፤ ደጋማው የሀዲያና የከምባታ መሬት በዚህ ውስጥ አለበት። አሲዳማ መሬት ላይ ኖራ ሳይጨመር ማዳበሪያ መዝራት ብር መዝራት ነው። ስለዚህ ማንኛውንም መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት አፈራችሁን አስመርምሩ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የማንወደውን ወሬ እናውራ፦ ብልሽት። በየወረዳው ስንዞር ቆመው የምናያቸው ፓምፖች ጥቂት አይደሉም። ፓኔሉ ደህና ነው፣ ሞተሩ ደህና ነው፤ አንዲት ገመድ ተቆርጣ ወይም መቆጣጠሪያው ተቃጥሎ፣ መለዋወጫው አዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም። ወይም ፓምፑ የማኅበሩ ነው ተብሎ የማንም ሳይሆን ቀርቷል። ስለዚህ ሻጩን ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል፣ ያም ሰው ሆሳዕና ወይም ሾኔ ውስጥ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ርካሽ የሚባለው ዋጋ ርካሽ አይደለም። በጋራ ከሆነም ሦስት ወይም አራት ጎረቤት ሆኖ፣ እንደ እቁብ በየወሩ ጥቂት ለጥገና እያስቀመጠ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን ተነጋግሮ ይሁን። አትክልቱን የምትንከባከበው እናት ከሆነች፣ ሥልጠናውም ቁልፉም ለእሷ ይሰጥ። አባወራው ሠልጥኖ እማወራዋ የምታጠጣበት አሠራር ብዙ ቦታ ላይ መሣሪያውን ገድሎታል።

በመጨረሻ ለዘንድሮ በጋ ከእናንተ የምንፈልገውን እንንገራችሁ። ከማሳችሁ ሩብ ያህሉን ለዩና አገዳውን እዚያው ተዉት፤ ዳሩን አጥሩት፣ ጎረቤቶቻችሁንም አማክሩ። ከበልግ በፊት ደግሞ ጎኗ ቀጥ ያለ፣ አፏና ታቿ እኩል የሆነ ባዶ ጣሳ ፈልጉ። ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ ባለ ሜዳ ላይ፣ በእንጨት አስደግፋችሁ አፏን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟት። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በማስመሪያ ጥልቀቱን ለክታችሁ ልጆቻችሁ ደብተር ላይ ይጻፉት፣ ከዚያ ጣሳዋን ድፏት። የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎችም በዚሁ ሰዓት ነው የሚያነቡት፤ ኦቶማቲኮቹ ደግሞ በየ0.2 ሚሊሜትሩ እየቆጠሩ ይልካሉ። ባለሙያዎች የዝናብ መግቢያን ከሚወስኑባቸው የተለመዱ መለኪያዎች አንዱ በተከታታይ ሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊሜትር መዝነቡና ከዚያ በኋላ ረዥም ድርቀት አለመከተሉ ነው። የመጀመሪያዋን ካፊያ አይቶ ዘር መበተን ስንቱን ገበሬ ሁለቴ እንዳዘራ ታውቃላችሁ። ድርቀቱ ይመጣ እንደሆነ ደግሞ የሚቲዎሮሎጂውን ትንበያ በሬዲዮ ተከታተሉ።

ደብተሩን የጀመራችሁ፣ የተሸፈነውንና ያልተሸፈነውን ማሳ ጎን ለጎን ያያችሁ፣ ሰኔ ላይ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ወደ ልማት ጣቢያችሁ ሂዱ። የተለየ ነገር ካያችሁም ለእኛ ጻፉልን፤ በአየር ላይ እናነበዋለን። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ደሾ ሣር አተካከልና ስለ ከብት አስሮ ማብላት ይዘን እንቀርባለን።

(የመለያ ሙዚቃ)